ሚዲ መሣሪያዎችን በኮምፒውተር መቅረጽ፦ ከኬብሉ እስከ ድምፅ ፋይሉ

ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ስምምነት ነው። የሚዲ ኪቦርድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም። የሚያልፈው አጭር መልእክት ነው፤ መልእክቱም የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደ ተመታና በየትኛው ቻናል (የመልእክት መስመር) እንደ ተላከ ብቻ ይናገራል። መካከለኛው ሲ የሚባለው ቁልፍ ቁጥሩ 60 ነው፤ ጠንከር ተደርጎ ከተመታ ቬሎሲቲው (የተመታበትን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) 100 ገደማ፣ በስሱ ከተነካ 30 ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ጣት ከቁልፉ ላይ ሲነሣ ደግሞ ኖታው እንዲቆም የሚያዝ ሌላ መልእክት ይከተላል። ፒያኖም ይሁን ፍሉት ወይም ድራም፣ ድምፁን የሚፈጥረው መልእክቱን የተቀበለው መሣሪያ ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የሶፍትዌር መሣሪያ ወይም በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ሲንተሳይዘር ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት ሥራውን ሁሉ ይወስነዋል። በማይክሮፎን የተቀረጸ ፒያኖ አንዴ ከገባ በኋላ ኦርጋን ሊሆን አይችልም፤ በሚዲ ግን የመሣሪያውን ድምፅ ከወራት በኋላም መለወጥ፣ የሳተችውን አንዲት ኖታ ለብቻዋ ማረም፣ ቴምፖውንም (የሙዚቃውን ፍጥነት) የድምፁ ጥራት ሳይጎዳ ማፍጠን ወይም ማዘግየት ይቻላል። ነጻነቱ ግን ብዙ ጀማሪዎችን ያዘናጋል። «በኋላ ይስተካከላል» ብለው የተዝረከረከ አጨዋወት ይቀርጹና ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን በማውስ ኖታ ሲገፉ ያሳልፋሉ። ሚዲ የሚቀርጸው የእጅን እንቅስቃሴ ስለሆነ እጅ ያላደረገውን አይጨምርም፤ የላላ አጨዋወት ምንም ዓይነት ውድ የድምፅ ስብስብ ቢጫንበት የላላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የያዙት ከቀረጻው በፊት የሚደረገው ዝግጅትና ራሱ አጨዋወቱ ናቸው።

ግንኙነቱ

የሚዲ ስታንዳርድ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ሐሳቡን ከፊት ሆነው የገፉት የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ ነበሩ። ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚዲ 2.0 ቢጸድቅም የመጀመሪያው ስታንዳርድ ዛሬም በየስቱዲዮው ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ሲንተሳይዘር ዛሬ ከተጫነ ሶፍትዌር ጋር ያለ ችግር ይነጋገራል። በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ይህን ያህል ዘመን የተሻገረ ስምምነት ማግኘት ብርቅ ነው፤ አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰውም መሣሪያው ጊዜው አልፎበታል ብሎ መጣል የለበትም።

አዳዲስ ኪቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ይገናኛሉ፤ ብዙዎቹም ልዩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ሳይጫን ኮምፒውተሩ ወዲያውኑ ያውቃቸዋል። ክብ ባለ 5 ፒን መሰኪያ ብቻ ያላቸው መሣሪያዎች ግን የሚዲ መግቢያና መውጫ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) ወይም አነስተኛ የሚዲ ኢንተርፌስ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስሕተት አለ፤ «አውት» የተባለው የኪቦርዱ መሰኪያ የሚገባው በኢንተርፌሱ «ኢን» ውስጥ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ሲንተሳይዘሩ መልእክት መላክ ሲፈለግ ደግሞ ሁለተኛ ኬብል ከኢንተርፌሱ «አውት» ወደ ሲንተሳይዘሩ «ኢን» ይዘረጋል። በዚህ ኬብል መረጃ የሚጓዘው በሰከንድ 31,250 ቢት ፍጥነት ስለሆነ አንድ ሙሉ የኖታ መልእክት ለማለፍ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ለአንድ ተጫዋች ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በአንድ ኬብል ላይ ብዙ ቻናሎችን ከተትረፈረፉ የፔዳልና የዊል (በኪቦርዱ ላይ በጣት የሚሽከረከር ጎማ) መልእክቶች ጋር ለመላክ ሲሞከር ግን መጨናነቅ ይፈጠራልና መሣሪያዎቹን በየራሳቸው ኬብል መለየት ይሻላል።

ኪቦርዱን የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ያብሩት፤ አንዳንድ ሶፍትዌሮች ከተከፈቱ በኋላ የገባን መሣሪያ አያዩትም። በሚያበሩበት ጊዜ እግርዎ ፔዳሉ ላይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን አቅጣጫ የሚለዩት ሲበሩ ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ተረግጦ ከተገኘ ሲለቁት የሚይዝ፣ ሲረግጡት የሚለቅ ፔዳል ይሆንብዎታል። ቀጥሎ ኪውቤስም ሆነ ሎጂክ፣ ሪፐርም ሆነ ኤብልተን ላይቭ ቢጠቀሙ፣ በሶፍትዌሩ የሚዲ ማስተካከያ ገጽ ላይ የኪቦርዱ ስም መታየቱንና እንደ መግቢያ መፈቀዱን ያረጋግጡ። ቁልፍ ሲነኩ የሚዲ አመልካቹ ብልጭ ካለና ድምፅ ከሌለ ችግሩ በኬብሉ ላይ ሳይሆን በትራኩ (በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ቅጂ የሚቀመጥበት መስመር) ወይም በመሣሪያው ምርጫ ላይ ነው፤ አመልካቹም ካልበራ ወደ ኬብሉና ወደ ማስተካከያ ገጹ ይመለሱ። ይህን አንድ ምልክት አስቀድሞ መመልከት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

መዘግየቱን መቆጣጠር

ቁልፉን በተጫኑበትና ድምፁን በሚሰሙበት ቅጽበት መካከል ያለው ልዩነት ላተንሲ ይባላል፤ ጥሩ ተጫዋች በኮምፒውተር ሲቀርጽ እጁ የታሰረ እስኪመስለው ድረስ የሚያውከውም ይኸው ነው። ዋናው ምክንያት ኮምፒውተሩ ድምፅን በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበ የሚያወጣበት በፈር የተባለው ማቆያ ነው። የቀረጻው ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰዱት የድምፅ ናሙናዎች ወይም ሳምፕሎች ብዛት) 48,000 ሆኖ በፈሩ 1,024 ሳምፕል ከሆነ ከበፈሩ ብቻ የሚመጣው መዘግየት 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በፈሩ ወደ 128 ሲወርድ መዘግየቱ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። የኢንተርፌሱ የራሱ መዘግየትም በዚህ ላይ ይታከላል። ነገሩን በዓይነ ሕሊና ለማየት እንዲረዳ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በ3 ሚሊሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይጓዛልና 10 ሚሊሰከንድ ማለት ስፒከሩ 3 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቆ እንደ ቆመ ያህል ነው፤ ይህን አብዛኛው ተጫዋች ይለምደዋል። ከ20 በላይ ሲሆን ግን በተለይ ድራምና ፈጣን የፒያኖ አጨዋወት ይበላሻል፤ ተጫዋቹ ሳያውቀው ድምፁን እየጠበቀ መጫወት ይጀምራልና።

ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ በፈሩን ወደ 64 ወይም 128 ያውርዱት፤ ድምፁ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ወደ 256 ከፍ ያድርጉት፤ ሚክስ በሚያደርጉበት (የትራኮቹን ድምፅ በሚያመዛዝኑበት) ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲያርፍ ወደ 512 ወይም 1,024 ይመልሱት። በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ከሆነ የኢንተርፌስዎን የራሱን አሲዮ ድራይቨር ይምረጡ፤ በማክ ላይ ኮር ኦዲዮ ይህን ሥራ ራሱ ያከናውናል። የሁሉም ትራኮች ድምፅ በሚያልፍበት በማስተር ትራክ ላይ የተጫኑ አንዳንድ ሊሚተሮች (የድምፅ ከፍታን የሚገድቡ) እና የድምፅ ማስተካከያ ፕለጊኖች (በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች) የየራሳቸውን መዘግየት ስለሚጨምሩ እስከ ቀረጻው ፍጻሜ ድረስ ያጥፏቸው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ኬብል ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ።

ከቀይዋ ቁልፍ በፊት

ቴምፖውን በግምት አይወስኑ። ዜማውን በአፍዎ እያንጎራጎሩ በእጅዎ ምቱን ይምቱና የሶፍትዌሩን የቴምፖ መለኪያ በዚያው ፍጥነት መታ መታ ያድርጉት፤ ከዚያም ክሊኩን (ምቱን የሚቆጥረውን ድምፅ) ከፍተው ከባዱን የሙዚቃውን ክፍል አንዴ ይጫወቱት። ቀላሉ ክፍል በብዙ ቴምፖ ይስማማል፤ ትክክለኛውን ፍጥነት የሚነግርዎ ከባዱ ክፍል ነው። በ6/8 የሚሄድ ሙዚቃ ሲሆን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የቴምፖው ቁጥር የሚቆጥረው በደቂቃ ውስጥ ያሉትን የሩብ ኖታዎች ብዛት ነው። በአንድ ባር (አንድ የምት ዙር) ሁለት ትልልቅ ምት የሚሰማው ሰው 60 ብሎ የቆጠረው ሙዚቃ በሶፍትዌሩ ውስጥ 90 ሆኖ መግባት አለበት፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት አንድ ሩብ ኖታ ከግማሽ ይይዛልና።

ከመጀመርዎ በፊት የአንድ ወይም የሁለት ባር ቅድመ ቆጠራ ይክፈቱ፤ ዘገም ላለ ሙዚቃ ሁለት ባር ይሻላል። የኪቦርድዎ ቁልፎች ለእጅዎ መስማማታቸውንም ይፈትሹ። በተለመደው ኃይልዎ አንድ ደቂቃ ተጫውተው የቬሎሲቲውን ቁጥሮች ይመልከቱ፤ ሁሉም ከ110 በላይ ከተከማቹ ወይም የቱንም ያህል ቢመቱ ከ70 ካላለፉ፣ በኪቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ የቬሎሲቲ ከርቭ የተባለውን ይለውጡ። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሶፍትዌር ፒያኖ በስሱና በኃይል ሲመታ የሚያሰማቸው ልዩ ልዩ ድምፆች የሚወጡት የእጁ ልዩነት በቁጥሩ ላይ በትክክል ሲታይ ብቻ ነው። ለመጨረሻው ሥራ ከምትፈልጉት ጋር የሚቀራረብ ድምፅ መርጦ መጫወትም ይገባል፤ ምንም እንኳ ድምፁ በኋላ ሊለወጥ ቢችል፣ እጅ ለሚሰማው ድምፅ ስለሚታዘዝ በኦርጋን ድምፅ የተጫወቱት ፒያኖ አይመስልም።

ቀረጻው

የሶፍትዌር መሣሪያ ትራክ ይክፈቱ፣ መግቢያውን ወደ ኪቦርድዎ ያዙሩ፣ ትራኩን ለቀረጻ ያዘጋጁና ይቅረጹ። ሁለት የቀረጻ ዘዴዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በነበረው ላይ የሚደርብ ሲሆን ሌላው የነበረውን አጥፍቶ የሚተካ ነው፤ ሶፍትዌርዎ በየትኛው ላይ እንደ ተቀመጠ ሳያረጋግጡ ቀይዋን የመቅረጫ ቁልፍ አይንኩ። መደረብ ለድራም እጅግ ይመቻል። አራት ባር ዙሪያውን እንዲሽከረከር አድርገው በመጀመሪያው ዙር ኪክና ስኔር፣ በሁለተኛው ሃይሃት፣ በሦስተኛው ቶምና ሲምባል ይጨምሩ፤ ሁለት እጅ የማይበቃውን ሥራ በሦስት ዙር ይጨርሱታል። ለፒያኖ ግን ይህን አልመክርም። የፒያኖ ግራና ቀኝ እጅ እርስ በርሳቸው እየተሰማሙ ስለሚሄዱ ለየብቻ የተቀረጹ ሲሆኑ ያ መተያየት ይጠፋል፤ ሙሉውን በሁለት እጅ አንድ ላይ ይጫወቱና የሳቱበትን ባር ብቻ ከሁለት ባር በፊት ጀምረው ደግመው ይቅረጹ።

ክሊክ ሳይበራ ወይም ቀይዋን ቁልፍ ሳይጫኑ ሲለማመዱ ያማረ ነገር ቢወጣ ጠፋ ብለው አይዘኑ። ኪውቤስ፣ ሎጂክና ኤብልተን ላይቭ ሳይቀረጽ የተጫወቱትን የሚዲ አጨዋወት በማስታወሻቸው ይዘው ይቆያሉ፤ ወዲያውኑ ሙዚቃውን ሳይዘጉ የሚመልሰውን ትእዛዝ ይስጡ። ቀድሞ ያለ ክሊክ የተጫወቱት ከሆነ ግን ባሮቹ ከምቱ ጋር አይገጥሙምና ለማረም አድካሚ ይሆናል።

እርማት

እርማት ከመጀመርዎ በፊት የተቀረጸውን ትራክ ኮፒ አድርገው ቅጂውን ድምፁን ዘግተው ያስቀምጡት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ዘፋኝ የተቀረጸን ፒያኖ ሙሉ በሙሉ ኳንታይዝ አድርጌ (ኖታዎቹን በምት መስመር ላይ አሰልፌ) ፋይሉን ዘጋሁት፤ በማግሥቱ ስንሰማው የፒያኖው ሕይወት ጠፍቷል፤ የመጀመሪያው አጨዋወት ግን በእጄ አልነበረም። ተጫዋቹ እንደገና መጥቶ የተጫወተው ጥሩ ቢሆንም የቀድሞውን አልሆነም።

ኳንታይዝ ኖታዎችን ወደ ቅርቡ የምት መስመር የሚስብ መሣሪያ ነው፤ የሚያደርገውንም በቅርብ ማየት ይበጃል። ቴምፖው 100 ሲሆን አንድ ሩብ ኖታ 600 ሚሊሰከንድ፣ የ1/16 ኖታ ደግሞ 150 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአምስተኛው ባር መጀመሪያ ላይ አራት ኖታ ያለው ኮርድ አለ እንበል፤ ዝቅተኛዋ ኖታ ከምቱ 18 ሚሊሰከንድ ቀድማ፣ ከፍተኛዋ 12 ሚሊሰከንድ ዘግይታ ተነክታለች፤ ጆሮ ይህን የሚሰማው እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ለስላሳ አነካክ ነው። በ100 በመቶ ኳንታይዝ አራቱም ኖታዎች በአንድ ቅጽበት ይወድቃሉ፤ ኮርዱም በመዶሻ የተመታ ያህል ይደርቃል። በ50 በመቶ ግን 18ቱ ወደ 9፣ 12ቱ ወደ 6 ይወርዳል፤ ኮርዱ ይሰበሰባል እንጂ አይደርቅም። ከኮርዱ 80 ሚሊሰከንድ ቀደም ብላ የተነካች አንዲት ጌጥ ኖታ ካለች ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ይህች ኖታ ከዋናው ምት 80፣ ከፊተኛው የ1/16 መስመር ደግሞ 70 ሚሊሰከንድ ስለምትርቅ ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ጎትቶ ራሷን የቻለች ዘገምተኛ ኖታ ያደርጋታል። ስለዚህ ጌጥ ኖታዎችን ሳይመርጡ ትተው የቀሩትን ብቻ ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው ኃይል መሳብ፣ በጣም የራቀችውንም በእጅ ማስተካከል የተሻለ መንገድ ነው። ኪክና ቤዝ ከዚህ በላይ ጥብቅ ቢሆኑ አይጎዳም።

ከጊዜው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቬሎሲቲው ነው። በማውስ የተጻፈ ሃይሃት ሁሉም ምት 100 ሲሆን ማሽንነቱ ወዲያውኑ ይታወቃል፤ አራቱን ተከታታይ ምቶች 98፣ 62፣ 84፣ 58 ቢያደርጓቸው ያው ምት የሰው እጅ ያገኛል። ቁጥሮቹን ሶፍትዌሩ በዘፈቀደ እንዲለዋውጣቸው ማድረግ ግን ምትክ አይሆንም፤ ተጫዋች የሚያጠነክረውና የሚያለሰልሰው ምቱን ተከትሎ ነውና። በፒያኖ ቅጂ ውስጥ ደግሞ ጣት ሳያስበው የነካቸው ከ15 በታች ቬሎሲቲ ያላቸው አጫጭር ኖታዎች ይገኛሉ፤ በስሱ ድምፅ ስለማይሰሙ ይታለፉና ድምፁ ሲለወጥ ብቅ ይላሉ፤ አስቀድመው ለቅመው ያጥፏቸው።

በፒያኖ ሮሉ (ኖታዎች በሚታዩበት ገጽ) ሥር ያሉትን የኮንትሮለር መስመሮች ከፍተው መመልከትም አይርሱ። ቁጥር 1 የሞዱሌሽን ዊል፣ ቁጥር 7 የትራኩ ቮልዩም፣ ቁጥር 11 ኤክስፕሬሽን፣ ቁጥር 64 የሰስቴን ፔዳል ነው። የስትሪንግ ወይም የብራስ ሐረግ ማበጥና መሳሳት ሲፈለግ በ11 ይሥሩና 7ን ለአጠቃላይ ሚዛን ይተዉት፤ በሁለቱም የሚሠራ ሰው በሚክስ ጊዜ ግራ ይጋባል። ኮርዱ ካለቀ በኋላ ድምፅ ሳይቋረጥ ከቀጠለ የ64ን መስመር ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 127 ሆኖ ተረግጦ የቀረ፣ ወደ 0 ሳይመለስ ቅጂው የተቆረጠበት ፔዳል ያገኛሉ። በቅጂው መጨረሻ ላይ አንዲት የ0 ነጥብ ብቻ መጨመር በቂ ነው።

ውጫዊ ሲንተሳይዘር ሲቀረጽ

ድምፁን የሚያወጣው ከኮምፒውተር ውጭ ያለ መሣሪያ ከሆነ ሁለት ትራክ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ሚዲውን ወደ መሣሪያው የሚልክ፣ ሌላው ከመሣሪያው በኦዲዮ ኬብል የሚመለሰውን ድምፅ የሚቀርጽ። ቁልፍ ሲነኩ ድምፁ ተደርቦ፣ ሳሳ ብሎ ከተሰማ መሣሪያው አንዴ ከራሱ ቁልፍ፣ አንዴ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ዞሮ በሚመጣው መልእክት እየተነካ ነው። መድኃኒቱ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ «ሎካል» የተባለውን ማጥፋት ነው። ሲጨርሱ መልሰው ያብሩት፤ አለዚያ መሣሪያው ያለ ኮምፒውተር ድምፅ አልባ ይሆንና ተበላሸ ተብሎ ይታሰባል። መጀመሪያ ሚዲውን ብቻ ቀርጸው ካረሙ በኋላ ኦዲዮውን ቢቀርጹ ይሻላል፤ የድምፁ ከፍታም በኃይለኛው ክፍል ላይ ከ-12 ዴሲቤል ገደማ እንዳያልፍ አድርገው በስቴሪዮ ያስገቡት። የተቀረጸው ኦዲዮ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ከተገኘ አንዲት አጭር የስኔር ወይም የፒያኖ ኖታ ቀርጸው ልዩነቱን ይለኩ፤ ከዚያ ቅጂውን በዚያው መጠን ቀደም ብሎ እንዲጀምር ያንቀሳቅሱት።

ወደ ኦዲዮ መለወጥ

የሚዲ ፋይል በውስጡ ድምፅ የለውም። ፋይሉን ለሌላ ስቱዲዮ ቢልኩት እዚያ የሚሰማው በዚያ ኮምፒውተር ያለው ፒያኖ ነው እንጂ እርስዎ የመረጡት አይደለም፤ በራስዎ ኮምፒውተርም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ፕለጊኑ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ እርማቱ ሲያልቅ እያንዳንዱን የሚዲ ትራክ በ24 ቢት ወደ ኦዲዮ ይለውጡት። ሁሉም ፋይሎች ከመጀመሪያው ባር እንዲጀምሩ ያድርጉ፤ ይህ ከሆነ በየትኛውም ሶፍትዌር ሲገቡ ያለ ልኬት እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ከመጨረሻው ኖታ በኋላም የሪቨርቡ (የድምፁ ማስተጋባት) ጅራት እንዳይቆረጥ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይተዉ።

ከተለወጠ በኋላ የሚዲ ትራኩን አያጥፉት፤ ድምፁን ዘግተው እዚያው ያቆዩት። አንዳንድ የሳምፕል መሣሪያዎች ያንኑ ኖታ ሲደጋግሙ የተለያዩ ቅጂዎችን እያፈራረቁ ስለሚያሰሙ፣ አሁን የተለወጠው ኦዲዮ ቀደም ሲል ከሰሙት በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። በመሆኑም ሚዲውን ዘግተው የኦዲዮ ፋይሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በማዳመጫ ያዳምጡ፤ ያልወደዱት ምት ካለ ያንን ክፍል ብቻ እንደገና ይለውጡት፤ ከዚያ በኋላ ፕለጊኑን ያጥፉ።